የመድረክ ኒካህ

ውድ ጁምዓ፣

ኢቲዳል ትናንት ባምባሲ መጥታ እኔ ቤት አድራ፣ ዛሬ ጠዋት በሚኒባስ ወደ አሶሳ ተመለሰች። የሰርጋችሁን ካርድ ይዛልኝ ነበር። ስምህ በወርቃማ ቀለም ተጽፎ ሳየው ስለ ጤናህ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ደህና መሆንህን ካርዱ ይናገራል። እኔም ደህና ነኝ። ተማሪዎቼ ወደየቤታቸው ሄደዋል፣ የማባዛት ሠንጠረዡ ከሰሌዳው ላይ አልጠፋም፣ እኔ የሦስተኛ ክፍል ልጆች መቀመጫ ላይ ጉልበቴን አጥፌ እጽፍልሃለሁ።

ኢቲዳል የመጣችው ለካርዱ ብቻ አልነበረም። እኔ ጋ የቀረውን የእናትህን ዶቃ እኩሌታ ልትወስድ ነው። ወደሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ያ ነገር በእኔ በኩል እንዴት እንደነበር ልንገርህ፤ አንተም፣ አባቴም፣ መላው ኮሌጅም የምታውቁት እንደ ቀልድ ነውና። አብረውን የተማሩ ልጆች አሁንም ሲገናኙ ያነሱታል አሉ። ይስቃሉ። አልፈርድባቸውም፣ የሚያስቅ ነገር አለው።

ያን ዓመት የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲደርስ፣ የባህልና የአብሮነት ክበብ ኃላፊ የነበሩት መምህርት ሰብለወንጌል "ዘንድሮ በጭፈራ ብቻ አናሳልፈውም" አሉ። እያንዳንዱ ሕዝብ አንድ ሥርዓቱን እውነተኛውን አስመስሎ በመድረክ ያቅርብ ተባለ። ሺናሾች እርቅ መረጡ፣ እናንተ በርታዎች ሰርግ። እኛ ከየአምባው የመጣን የሰፋሪ ልጆች ምን እንደምናቀርብ ጠፋን። አባቴን ብጠይቀው፣ "ልጂት፣ እኔ ኸወሎ የወጣሁት በሰባ ሰባት፣ ልጅ ሆኘ ነው። የማስታውሰው ረሃቡንና የጫነንን መኪና ነው። እሱን ታቀርቢላቸው?" ብሎ ሳቀ። መጨረሻ ላይ "ሌሎች" የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ድንኳን ውስጥ ቆሎ ይዘን እንድንቀመጥ ተወሰነ። እዚያው አሶሳ ዳርቻ የተወለድኩ፣ ገና በእቅፍ ሳለሁ አባቴ ሁሉአገርሽ ብሎ የሰየመኝ ልጅ፣ የተወለድኩበት ከተማ ላይ "ሌሎች" ሆኜ ቆሎ ላድል ነበር። ትዝ ይልሃል፣ ይህን ስነግርህ በሳቅ ወደቅህ።

የሰርጉ ሙሽራ ኢቲዳል ነበረች፣ ሙሽራው አንተ። እኔ ደግሞ የኢቲዳል የመኝታ ክፍል ጓደኛ ስለነበርኩ ስትለማመድ ላያት እመጣለሁ። እሷን ለማየት የምመጣ ይመስልህ እንደነበር አውቃለሁ፣ እሷም እንደዚያው ይመስላት ነበር። እውነቱ ግን አንተ የቅል መለከታችሁን፣ ዙምባራውን ይዘህ ከጓደኞችህ ጋር ስትሰለፍ፣ ተራህ እስኪደርስ ጉንጭህን ነፍተህ ስትጠብቅ ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ደስ ይለኝ ነበር። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ሰው ሁሉ ይወድህ ነበር፣ ምክንያቱም ለአንተ ችግር የሚባል ነገር አልነበረም። ፈተና ቢከብድ "ማፊ ሙሽክላ"፣ ችግር የለም፣ መብራት ቢጠፋ "ማፊ ሙሽክላ"፣ የካፌው ወጥ ውሃ ውሃ ቢል "ማፊ ሙሽክላ"። እኔን "ሁሉ" ብለህ ትጠራኛለህ፣ ሴቱንም ወንዱንም እኩል "አንተ" ትላለህ። "ሁሉ፣ ለምን ቆመህ? ግባ፣ ወንበር አለ።" ልጆቹ ሲያሾፉብህ አብረህ ትስቃለህ። እኔ አላሾፍኩብህም፤ አሥራ ምናምን ዓመት ከሰዎችህ አጠገብ ኖሬ ከቋንቋህ የማውቀው ሰላምታውን ብቻ ነበር፣ በየት በኩል ብዬ ላሹፍ።

በዓሉ ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው ኢቲዳልን ወባ ጣላት። ብርድ ልብሱ ሁሉ ተደርቦላት ትንቀጠቀጣለች። መምህርት ሰብለወንጌል በሩ ላይ ቆመው እሷን አዩ፣ እኔን አዩ። "ሁሉአገርሽ፣ ልምምዱን ሁሉ አይተሻል፣ አንቺ ነሽ የምታድኚኝ" አሉ። "እኔ እኮ በርታ አይደለሁም" ስላቸው "ባህልን መለዋወጥ ማለት ይኸው አይደል እንዴ!" አሉና ደስታቸው ባሰ። ኢቲዳል እየተንቀጠቀጠች የሙሽራ መጎናጸፊያ ቶቧን ከሻንጣዋ አውጥታ ሰጠችኝ፣ አጠማጠሙንም ከአልጋ ሳትነሳ አሳየችኝ። ያን ያህል የዋህ ጓደኛ ናት። ካርዱን ስትሰጠኝም ፊቷ ያው ነበር።

የቀረውን አዳራሹ ሁሉ አይቶታል፣ ቢሆንም ከቶቡ ስር የታየኝን አላየም። ሼህ ሙርሳልን፣ የአያትህን ወንድም፣ ከኩርሙክ ያስመጣሃቸው አንተ ነህ። በስልክ "ኮሌጅ ውስጥ ሰርግ አለ፣ ኒካህ ያስሩልናል?" ብለሃቸው፣ እሳቸውም በዚያ መንገድ በአይሱዙ ተንገላትተው መጡ። ድራማ መሆኑን መንገር ለማንም ትዝ አላለውም። አንተ መምህርቷ የነገሯቸው መሰለህ፣ መምህርቷ አንተ የነገርካቸው መሰላቸው። ሽማግሌው ሲደርሱ ድንኳን አለ፣ ማይክራፎን አለ፣ የክብር እንግዳ ከፊት ተቀምጧል፣ ዙምባራ ይነፋል። ከዚህ በላይ ምን ሰርግ አለ?

ከዚያ "የሙሽራዋ አባት ይቅረቡ" አሉ ሼሁ። በልምምዱ የኢቲዳልን አባት ይተውን የነበረው ልጅ ሊወጣ ሲል፣ መምህርት ሰብለወንጌል ማይክራፎኑን ይዘው "እውነተኛው አባቷ እዚህ አሉ እኮ! ይምጡልን!" አሉ። አባቴ የእኔን የቆሎ ድንኳን ሊያይ ነበር የመጣው። እየሳቀ፣ ነጠላውን እያስተካከለ ወጣ። እጁን በእጅህ ላይ አደረጉት። "ልጅህን ሰጠህ?" ሲሉት "ሰጥቻለሁ" አለ። አንተን "ተቀበልክ?" ሲሉህ "ተቀበልኩ" አልክ። ለሙሽራዋ የሚሰጠው መህር ሲጠየቅ የእናትህን ዶቃ ከኪስህ አወጣህ። ለድራማ የገበያ ዶቃ ይበቃ ነበር። አንተ ግን ትንሽ ልጅ ሳለህ ከሞተችብህ እናትህ የቀረህን ብቸኛ ዕቃ ነበር ያመጣኸው። "ለምን እሱን?" ብዬ አልጠየቅኩህም፣ ዛሬም አልገባኝም።

መጨረሻ ላይ ወደኔ ዞሩ። ልምምዱ ላይ ሙሽራዋ ዝም ነበር የምትለው፣ ዝምታዋ እሺታ ነው ተብሎ ነበር። ሼህ ሙርሳል ጎንበስ ብለው "ልጄ፣ ትወዳለህ?" አሉኝ። እኔ "አዎ" አልኩ። ማይክራፎኑ ቅርብ ስለነበር ድምፄ አዳራሹን ሞላው። ሰዉ በሳቅ አለቀ፣ ሙሽራዋ ቸኮለች ተባለ። አባቴ ማይክራፎኑን ተቀብሎ "ኸዛሬ ጀምሮ ወሎና በርታ ዘመዳም ነን!" ሲል ጭብጨባው አላቆም አለ። የክብር እንግዳው ተነስቶ ስለ አብሮነት ረጅም ንግግር አደረገ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት በሕይወቴ ያየኋቸው ጥሩ ቀናት ናቸው። ቪዲዮው በቴሌግራም ዞሮ ዞሮ ያላየው አልነበረም። ካፌ ስገባ "ባልሽ እዚያ ነው" ይሉኛል። አንተም ለጨዋታው አልሰነፍክም፣ "ሚስቴ፣ ሻይ አትጠጣም?" እያልክ ወንበር ትስብልኛለህ። ማንጎ በላስቲክ ይዘህ የመኝታችን በር ላይ ትቆማለህ። ለሌላው ሰው ይህ ሁሉ ቀልድ ነበር። እኔ ግን ወንበሩ ሲሳብልኝ እንደ እውነተኛ ሰው ነበር የምቀመጠው።

ሼህ ሙርሳል ዓይናቸውን ሊታከሙ አሶሳ ተመልሰው መጡ። አንተን ሲያዩ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው "ሚስትህ የታለ?" ሆነ። ሳቅህ፣ አስረዳሃቸው። እሳቸው አልሳቁም። ለእኔ የነገርከኝ አንተው ነህ፣ እያስመሰልክ፣ በሳቸው ድምፅ፦ "ኒካህ ድራማ የለውም። እኔ አሰርኩ፣ አባት ሰጠ፣ ልጅ ተቀበለ፣ ሴት አዎ አለ። ታዲያ ምን ቀረ?"

ሽማግሌው ሁለት መንገድ አለ አሉ። ወይ ኒካሁ ይጽና፣ አብረው ይኑሩ፣ ወይ ባልየው ይፍታት። አባቴ ደነገጠና የመንደራችንን መስጊድ ኢማም ጠየቀ። እሳቸውም በዚህ ላይ አዋቂዎች ይለያያሉ፣ ለጥንቃቄ ግን ይፍታት፣ ምንም አይጎዳም አሉ። አጎትህም ይኸንኑ አለ፣ ምንም አይጎዳም። መምህርት ሰብለወንጌልም ተጠርተው ነገሩ ሲነገራቸው ሊያለቅሱ ደረሱና "ግድ የለም፣ ለጥንቃቄ ነው፣ ምንም አይጎዳም" ሲባሉ ተረጋጉ። ማንን እንደማይጎዳ ግን አንዳቸውም አልተናገሩም።

አባቴን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት። "ቢጸናስ?" አልኩት፣ እንደ ዋዛ፣ ሽንኩርት እየላጥኩ። ቀና ብሎ አየኝ። "ልጂት፣ መድረክ ሌላ፣ ኑሮ ሌላ። ሰው ምን ይላል? እኛም የኛ ነን፣ እነሱም የነሱ ናቸው። አብሽሪ፣ ቶሎ ያልቃል።" ዘመዳም ነን ካለ ገና ወር አልሞላውም ነበር። አልተናደድኩበትም፣ አጎትህም ለአንተ ተመሳሳዩን እንዳለህ እገምታለሁ። ያጨበጨበውን አዳራሽ ግን ያን ቀን ታዘብኩት።

እንግዲህ የቀረው አንተ ነበርክ። ይጽና ማለትም ይፈታ ማለትም በአንተ አፍ ላይ ነበር። ያንን ሳምንት ሙሉ ይኸው ለአንተ የማልነግርህ፣ ለኢቲዳልም የማልነግራት፣ አልጋዬ ላይ ተኝቼ ጣሪያ እያየሁ የማወጣና የማወርደው ነገር ሆነ። አይልም እላለሁ። ያንን ዶቃ ያወጣ ሰው ፈታሁ አይልም እላለሁ። በዋዜማው ባጃጅ ተራ ላይ አገኘኸኝና ፊቴን አይተህ "አትፍራ ሁሉ። ማፊ ሙሽክላ፣ ቶሎ ያልቃል" አልከኝ። እንደ አባቴ አወራህ።

በማግስቱ አጎትህ ግቢ፣ ማንጎው ስር ተቀመጥን። ሼህ ሙርሳል፣ አጎትህ፣ አባቴ፣ ኢማሙ፣ እኔና መምህርቷ ወደ ዳር። ቶብ አልለበስኩም፣ የራሴን ሻሽ ነበር ያደረግኩት። ሼሁ የፍቺውን ቃል በዓረብኛ አሉልህ፣ አንተ ተቀብለህ አልከው። መሬት መሬት እያየህ ነበር። እኔ እስከ መጨረሻው ፊደል ድረስ ታቋርጠዋለህ ብዬ ጠብቄ ነበር። ሼሁም ሽማግሌ ናቸውና አንድ ነገር ሳይሸታቸው አልቀረም፣ "ልጄ፣ ችግር አለ?" ብለው ጠየቁህ። በአማርኛ ነበር የጠየቁህ፣ ሁላችንም እንድንሰማ። አንተም "ማፊ ሙሽክላ" አልክ።

ይህን ልነግርህ ነው ይህን ሁሉ ወረቀት የፈጀሁት። ለመብራት የምትለውን፣ ለወጥ የምትለውን ቃል ለእኔ አልከው። መምህርት ሰብለወንጌል እጄን ጨበጥ አድርገው "ተመስገን፣ በቀላሉ አለቀ" አሉኝ።

ከዚያ ስለ መህሩ ተነሳ። አብረው ሳይኖሩ ከተፋቱ እኩሌታው የእሷ ነው፣ ይቅር ካለች ግን ትችላለች አሉ ሼሁ። አባቴ ቶሎ ብሎ "ይቅር በያቸው እንጂ፣ የእናቱ ነው" አለኝ። "አልልም" አልኩ። ያን ቀን የተናገርኩት ይህችን ብቻ ነው። አባቴ አፈረብኝ። የሟች ዶቃ አምሮኝ አልነበረም፣ ይገባህ እንደሆነ። ስለ ዶቃው ጠየቁኝ እንጂ ስለ አንተ አልጠየቁኝም። ከተጠየቅኩት ላይ እምቢ አልኩ።

ክሩ ተቆረጠ። ሼሁ ሰሌኑ ላይ አንድ ለአንተ አንድ ለእኔ እያሉ ከፈሉት፣ መጨረሻ ላይ ትልቋ፣ መሐል ላይ የነበረችው ቀይዋ ብቻዋን ቀረች። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንተ ቀና ሳትል በአንድ ጣትህ ገፋ አድርገህ ወደ እኔ ወገን ላክሃት። ያቺ ጣት ስንት ዓመት እንዳላስተኛችኝ አታውቅም። አንዳንድ ቀን ስንብት ነበረች እላለሁ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ቶሎ ተገላግለህ ምሳህን ልትበላ ይሆናል እላለሁ።

ከዚያ በኋላ ወንበር መሳብ ቀረ። "ሁሉ" ማለትም ቀርቶ ሙሉ ስሜን ትጠራ ጀመር። ተመረቅን፣ አንተ ኩርሙክ ሥራ አገኘህ፣ እኔ እዚህ ተመደብኩ። ኢቲዳል አልፎ አልፎ ስትደውል ስምህ በወሬዋ መሐል ብቅ ይላል፣ ከዚያ ደጋግሞ ብቅ ይል ጀመር፣ ከዚያ ሌላ ስም ጠፋ። ሳትነግረኝ በፊት አውቄዋለሁ። ለእሷ ደስ አለኝ፣ ይህ እውነት ነው። ስልኩን ዘግቼ ደግሞ አለቀስኩ፣ ይህም እውነት ነው።

ዛሬ ጠዋት ዶቃዎቹን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩላት። "የእናቱ ስለሆነ ሙሉውን አስሬው ባገባ ብዬ ነው" አለችኝ እየተሽኮረመመች። "ያ የመድረክ ነገር እኮ ነው ለሁለት የከፈለው" ብላም ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ሼህ ሙርሳል ያኔ ያሉኝን አስታውሼ "ይቅር ብያለሁ" አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ምስክር ይሁነኝ ብዬ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አልገባትም።

ስትቋጥራቸው ትልቋን ለይታ ወደ እኔ መለሰቻት።

"ይቺን እንዳትቀበያት ብሎኛል" አለችኝ። "የሷ ናት፣ እሷ ጋ ትቆይ አለ።"

"ለምን አለሽ?"

"ብጠይቀው ይነግረኛል እንዴ? ታውቂው የለ፣ ማፊ ሙሽክላ ብሎ ዝም ነዋ።"

ጁምዓ፣ የዶቃዋን ቀይ መልክ እያየሁ ነበር። ከዚያ አነሳኋትና መሀረቧ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር መልሼ ከተትኳት። መሐሉን ያጣ ዶቃ አንገት ላይ አያምርም፣ ውሰጃት አልኳት። ኢቲዳል ጅል አይደለችም፣ ፊቴን ፈልጋ አየችኝ።

"ሁሉ፣ ቅር አይልሽም?"

"ማፊ ሙሽክላ" አልኳት።

ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው። "ወላሂ፣ እሱን መሰልሽ!" ብላ ሳቀች፣ ሚኒባሱም ጥሩምባውን ነፋ፣ ሸኘኋት። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ያንን ቃል ስንት ዓመት ከውጭ ሆኜ ስሰማው ነበር። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ ስለው ምን ያህል እንደሚከብድና ምን ያህል ነገር እንደሚይዝ አወቅኩ። ማንጎው ስር ያልከው እንዲህ ሆነህ ከነበረ፣ አንተም እንደኔ አራት ሽማግሌ ፊት ሳይሆን ገደል አፋፍ ላይ ቆመህ ከነበረ፣ ስንት ዓመት ያለ ጥፋትህ ተቀይሜሃለሁ።

ይህ ደብዳቤ አይመጣልህም። ኢቲዳል ጓደኛዬ ናት፣ በቤቷ ውስጥ የኔ ወረቀት እንዲኖር አልፈልግም። ዶቃዋ ግን ትመጣለች። በሰርጋችሁ ቀን በአንገቷ መሐል ታያታለህ። እንዳትቀበያት ያልከው ዶቃ ተመልሳ መምጣቷን ስታይ፣ መልስ መሆኗ ይገባሃል። በማይክራፎኑ "አዎ" ያልኩት ለአዳራሹ አልነበረም፣ አሁንም የምመልሳት ስለጠላሁህ አይደለም።

ሰርጋችሁ ላይ እገኛለሁ። ኢቲዳል ሂናዋን እኔ እንድቀባት ጠይቃኛለች፣ እሺ ብያታለሁ። ሼህ ሙርሳል ናቸው አሉ ኒካሁን የሚያስሩት። እጅዋን ሳስውብላት አደራ የምላት አንድ ነገር አለኝ፤ ሲጠይቋት ዝም እንዳትል፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንድትመልስ።

አንድ ጊዜ አዎ ብላህ የነበረችው፣
ሁሉ